ከቦሌ እስከ ላንግሽትራሰ፤ መንገዱ ስንት ቀን ነው?

የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ አገራችንንና ይህችን አገር የሚያገናኘውን መንገድ ታሪክ በአጭሩ ለማውሳት እንወዳለን። ከአዲስ አበባ እስከ ዙሪክ በአየር 5,140፣ እስከ ጄኔቫ ደግሞ 5,180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚፈጀው ጊዜ ነው።

በ1926 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የስዊስ አብራሪ ዋልተር ሚተልሆልትሰር ለግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የታሰበውን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አይሮፕላን ከዙሪክ እያበረረ አዲስ አበባ አደረሰ። የዚያ አይሮፕላን ፍጥነት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ስለ ነበረ፣ ነዳጅ ለመቅዳት በየቦታው ማረፉን ትተን በአየር ላይ የሚቆይበትን ብቻ ብንቆጥር ከ25 ሰዓት በላይ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወደዚህ መጡ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ሐይፋ ተሻግረው፣ በኢየሩሳሌምና በለንደን አድርገው፣ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው በአማርኛ አቤት አሉ። ከተነሡ 59ኛው ቀን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ግን በተነሡ በሦስተኛው ቀን በጠላት እጅ ወድቃ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ደረሰ። ወደ ጄኔቫ በ2010፣ ወደ ዙሪክ ደግሞ በሚላኖ በኩል በ2015 ዓ.ም. መብረር ጀመረ። ዛሬ ጄት አይሮፕላን ያለ ማረፊያ ቢበር መንገዱ 7 ሰዓት ያህል ነው። ከክሎተን አይሮፕላን ማረፊያ እስከ ዙሪክ ዋና ባቡር ጣቢያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ላንግሽትራሰ በእግር ይደረሳል።

ይሁን እንጂ 7ቱ ሰዓት ለሁላችንም እኩል አይደለም። ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛ የሚሰጠው የስዊስ የጉዞ ሰነድ ወደ ትውልድ አገሩ ለመሄድ አያገለግልም። የእናቱን መርዶ በስልክ በደቂቃ ይሰማል፤ መንገዱ ግን ዝግ ነው። ፓስፖርት ያለውም ቢሆን ትኬት እስኪቆርጥ ቀብሩ አይጠብቀውም።

የማኅበራችን ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አገር ቤት ዕድር የሚሠራውን፣ ከጄኔቫ ሦስት ሰዓት በማይሞላ የባቡር ጉዞ ለቅሶ የሚደርስ ወንድምና እኅት እዚህ ይሠራዋል።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች፣ በየት በየት አገር፣ በስንት ቀንና በስንት ዓመት እዚህ እንደ ደረሳችሁ ጻፉልን። ካልጻፋችሁልን ልጆቻችን መንገዱ 7 ሰዓት ብቻ ይመስላቸዋል።

ቸር ወሬ ያሰማን።