ክላሲካል ሙዚቃ የማን ነው?

«ክላሲካል ሙዚቃ» ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና ድቅን የሚለው ምንድነው? ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ጀርባውን ለሕዝብ የሰጠ መሪ፣ የከፈይ ወንበር፣ ሳል እንኳ የሚያስነውርበት አዳራሽ። ከዚያ ሲያልፍም የሐዘን ዜና ሊነገር ሲል የሚሰማ ከባድና ቀዝቃዛ ድምፅ። በአጭሩ፣ ወይ የባለጸጋ ወይ የለቅሶ ነው ብለን እናልፈዋለን። በዚህም የተነሣ ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ፣ ቡና ሲፈላ፣ ማታም ልጆች የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ ክላሲካል ሙዚቃ የሚከፈትበት ቤት ጥቂት ነው።

ዳሩ ግን የሙዚቃውን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደን ስናገላብጥ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ዓለም «ታላላቅ» ብሎ ከሚጠራቸው ሥራዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ለዕለት ጉዳይ ነበር፤ ለሙት ልጆች ትምህርት፣ ለቡና ቤት ምሽት፣ እስረኛ ለማስፈታት፣ ከጌታ ዘንድ ፈቃድ ለመጠየቅ። ከቤተ መንግሥት የወጡትንም ቢሆን የጻፏቸው ደመወዝተኛ ሎሌዎች ናቸው። እንግዲህ ከእነዚህ መካከል መንፈስን የሚያነቃቁትን ጥቂቶቹን ከነታሪካቸው እንመልከት። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቬኒስ እንጀምር። አንቶኒዮ ቪቫልዲ በ1703 ቅስናን ተቀበለ፤ በጸጉሩ ቅላት የተነሣም «ቀዩ ቄስ» ይባል ነበር። በዚያው ዓመት ኦስፔዳሌ ዴላ ፒዬታ በተባለ የሕፃናት ማሳደጊያ የቫዮሊን መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ቤቱ ወላጆቻቸው የተዉአቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ነው። ከሴቶቹ ልጆች መካከል ተሰጥኦ ያላቸው ሙዚቃ ይማሩና ከብረት ፍርግርግ በስተጀርባ ተሰውረው ይጫወታሉ። እነርሱን ለመስማት ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰው ይመጣ ነበር። ቪቫልዲ ወደ 500 ከሚጠጉት ኮንቸርቶዎቹ ብዙዎቹን የጻፈው እነዚህ ልጆች እንዲጫወቱት ነው። በ1725 በአምስተርዳም ያሳተመው «አራቱ ወቅቶች» ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ከአራቱ «ጸደይ» የተባለው ለጠዋት የሚሆን ነው። ወፎቹ በቫዮሊን ይንጫጫሉ፤ ነጎድጓድ መጥቶ ያልፋል፤ በሁለተኛው ክፍል እረኛው ሲያንቀላፋ ውሻው በቪዮላ ይጮኻል። የዚህ ሁሉ ደስታ ባለቤት ግን በ1741 ቪየና ውስጥ በድህነት ሞተ። አብዛኛው ሥራው ተረስቶ ቆይቶ፣ ትልቁ የእጅ ጽሑፎቹ ክምችት ብቅ ያለው በ1920ዎቹ ነው።

ዮሐን ሰባስቲያን ባህ ደግሞ ራሱ ሙት ልጅ ነበር። በ1685 ተወልዶ አሥር ዓመት ሲሞላው እናትም አባትም አልነበሩትም። በ1723 ላይፕዚግ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ኃላፊነት ሲቀጠር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለእያንዳንዱ እሑድና በዓል የሚሆን ካንታታ ያቀርብ ነበር። ዜማው እንደ ዕለቱ ንባብ ይለያያል። ድጓው በዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ተመድቦ ሲዘመር እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ባህ ከወለዳቸው 20 ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት 10 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሐዘን በተደጋጋሚ የጎበኘው ሰው ከ1729 ጀምሮ በከተማው በሚገኘው የሲመርማን ቡና ቤት የተማሪዎች ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። በ1730ዎቹ አጋማሽ የጻፈው «የቡና ካንታታ»ም ለዚያ ቤት የሚስማማ ቀልድ ነው። አባት ልጁን ቡና ካልተውሽ ባል አላመጣልሽም ይላታል፤ እርሷም እሺ ብላ፣ በስውር ግን ቡና እንድጠጣ በጋብቻ ውሌ ላይ ፈርሞ የማይስማማ ባል ደጄን አይረግጥም ትላለች። የከፋ ምድር ፍሬ ላይፕዚግ ድረስ ዘልቆ የአባትና የልጅ ጠብ ማስነሣቱን ስንሰማ፣ ለቡና ሰዓት ከዚህ የተሻለ ምን እንመርጣለን? ድምፃዊ የሌለበት ይሻላል ለሚል ደግሞ ባህ በ1721 ካቀረባቸው ስድስት የብራንደንቡርግ ኮንቸርቶዎች ሦስተኛው አለ። ድካምን አራግፎ ለሥራ የሚያስነሣ ነው።

በዚያው በ1685 የተወለደው ጆርጅ ፍሬድሪክ ሀንድል «መሲሕ» የተባለውን ሥራውን በ1741 የጻፈው በ24 ቀን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው ሚያዝያ 13 ቀን 1742 በደብሊን ከተማ ሲሆን፣ ገቢው የታሰበው ለሁለት የሕሙማን ቤቶችና ዕዳ መክፈል አቅቷቸው ለታሰሩ ሰዎች ነበር። ያን ጊዜ ባለዕዳ እስኪከፍል ድረስ እስር ቤት ይቀመጣል፤ እስር ቤት ተቀምጦ ደግሞ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ሴቶች ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት፣ ወንዶችም ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ በጋዜጣ ተለመኑ። በገቢው ዕዳቸው ተከፍሎ የተፈቱት 142 ናቸው ይባላል። ሀንድል ከ1750 ጀምሮም ይህንኑ ሥራ ለንደን ውስጥ ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ጥቅም ደጋግሞ አቅርቧል። «ሃሌ ሉያ» የሚለው የኅብረት ዝማሬ ሲሰማ ከጀርባው የተከፈተ የእስር ቤት በር እንዳለ ማወቅ አድማጩን ይጠቅማል።

ዮሴፍ ሃይድን የሠረገላ መንኮራኩር ሠሪ ልጅ ነው። ለኤስተርሃዚ መሳፍንት ያገለገለው የሎሌ ደንብ ልብስ ለብሶ ነበር። በ1772 ልዑሉ በገጠር ቤተ መንግሥቱ ከተለመደው ጊዜ በላይ ቆየ፤ ሙዚቀኞቹም ሚስትና ልጆቻቸውን ካዩ ወራት አለፋቸው። ለጌታ እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ሃይድን ሲምፎኒ ጻፈ። በመጨረሻው ክፍል ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ድርሻቸውን ይጨርሱና ሻማቸውን አጥፍተው ይወጣሉ፤ በስተመጨረሻ ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ይቀራሉ። ልዑሉ ሰምና ወርቁ ገባው፤ በማግስቱ ጓዝ ተጠቀለለ ይባላል። ይህ ቁጥር 45 «ስንብት» የሚባለው ነው። ለዕለት ፈገግታ ግን በኋላ ለለንደን ሕዝብ የጻፈው ቁጥር 94 ይመረጣል። በዝግታ እያባበለ ወስዶ በድንገት በአንድ ኃይለኛ ድምፅ ያስደነግጣል፤ ከዚያም ምንም እንዳላደረገ ሰው ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የቤትሆቨን ነገር ነው። ጥቅምት 6 ቀን 1802 ሃይሊገንሽታት በተባለች የቪየና አጠገብ መንደር ሆኖ ለወንድሞቹ ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜው ገና 31 ነው። ጆሮው እየደነቆረ መሄዱን፣ በዚህም ከሰው መሸሹን፣ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ መድረሱንና ከዚያ የመለሰው ጥበቡ ብቻ መሆኑን ዘረዘረ። ደብዳቤውን ግን አልላከውም፤ የተገኘው በ1827 ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ነው። በዚያው በ1802 የሠራው ሁለተኛው ሲምፎኒ ከደብዳቤው ጋር ሲተያይ የአንድ ሰው አይመስልም። ሳቅና ጉልበት ይተናነቁበታል፤ እንባ የለበትም። በ1808 የቀረበው ስድስተኛው ሲምፎኒም ገጠርን የሚያስታውስ ነው። ጅረት አለው፣ የገበሬዎች ጭፈራ አለው፣ ማዕበል አለው፤ ማዕበሉም ሲያልፍ የእረኞች ምስጋና ይከተላል። ክረምት ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ስትል ለመስማት የሚመች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ይህ ሁሉ ደስ የሚል ሙዚቃ የመጣው ከተደሰቱ ሰዎች አይደለም። ደስታው በየቀኑ ተቀምጠው፣ ጽፈው፣ ሰርዘው፣ እንደገና ጽፈው የሠሩት ሥራ ነው። የሚያጽናናን ለዚህ ይመስለኛል። ሐዘን አያውቀኝም ባይ ሰው ቢያጽናናን አናምነውም፤ አሥር ልጅ የቀበረ አባት ወይም የደነቆረ ሙዚቀኛ ደስ የሚል ዜማ ሲያሰማን ግን ጆሮ እንሰጠዋለን።

ሙዚቃው ወደ እኛ አገር የገባበት መንገድም ከዚህ የራቀ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸው አርባ የአርመን ሙት ልጆች፣ ከሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው የመንግሥት የነሐስ ባንድ ሆኑ፤ ታሪክም «አርባ ልጆች» ይላቸዋል። በ1923 አዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው ሲያበቁ፣ መነኩሲት ሆነው በባዶ እግራቸው መኖርን መረጡ። በ1967 ጀርመን አገር ያስቀረጹት የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው ገቢ የተሰጠው ለሙት ልጆች ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ከፒያኖአቸው አልተለዩም። የእርሳቸውን ሸክላ ከባህ ቀጥሎ የሚያደምጥ ሰው፣ የአውሮፓ ፒያኖና የአገራችን ቅኝት በአንድ እጅ ላይ ሲስማሙ ይሰማል።

«እኔ ግን ሙዚቃውን አላውቀውም» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ1895 ለንደን ውስጥ ሮበርት ኒውማንና ሄንሪ ውድ «ፕሮምስ» የሚባለውን የሙዚቃ ምሽት ሲጀምሩ ያሰቡት እንዲህ ያለውን ሰው ነበር። በአንድ ሺሊንግ ገብቶ፣ ቆሞ፣ ሲሻው እየበላና እያጨሰ እንዲሰማ ፈቀዱለት፤ መጀመሪያ ቀላሉን፣ ከዚያ ከበድ የሚለውን አቀረቡለት። ዛሬ ሺሊንጉም አያስፈልግም፤ በኪስ ስልክ ብዙውን ማግኘት ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ሲምፎኒ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ መታገል አያሻም። አንድ ክፍል መርጦ በሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ መስማት ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ጫጫታ የመሰለው ነገር በሦስተኛው ቀን ዜማው ይለያል፤ በሳምንቱ ሰው እንጀራ እየጋገረም ሆነ ታክሲ እየጠበቀ ሲያንጎራጉረው ራሱን ያገኘዋል።

ለጀማሪ እንግዲህ ጠዋት የቪቫልዲን «ጸደይ»፣ ለሥራ ሰዓት የባህን ሦስተኛ ብራንደንቡርግ፣ ከሰዓት በኋላ ሲደክም የሃይድንን ቁጥር 94፣ ቀኑ የከፋ እንደሆነ የቤትሆቨንን ሁለተኛ፣ ማታ መብራቱ ዝቅ ሲል ደግሞ የእማሆይን ፒያኖ እንመክራለን። ለቡናው ሰዓት የትኛው እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል፤ ሦስቱንም፣ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን፣ ያደርሳል።