ቤት ያለው ሲሰክር ይተኛል፣ ቤት የሌለው ይታሰራል

ዲሴምበር 5 ቀን 2017 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የ55 ዓመቷ አውስትራሊያዊት ወይዘሮ ታንያ ዴይ ወደ ሜልበርን በሚሄድ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠጥተው ነበር። ፖሊስ ተጠርቶ ካስልሜይን ከተማ ላይ አወረዳቸውና አሰራቸው። ወንጀሉ «በሕዝብ ቦታ ሰክሮ መገኘት» ነው። እስር ክፍል ውስጥ ወድቀው ጭንቅላታቸው ተጎዳ፤ በዚያው ወር ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

ታንያ ዴይ የነባሩ የአቦርጂን ሕዝብ ተወላጅ ናቸው። አጎታቸው ሃሪሰን ዴይም በ1982 የሞቱት በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ሳሉ ነበር። ሁለት ትውልድ፣ አንድ ቤተሰብ።

«አቦርጂኖች መጠጥ አይችሉም» የሚለው አባባል ታሪኩን ይሸፍነዋል። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ጨርሶ የማይጠጣው ሰው ድርሻ ከሌላው አውስትራሊያዊ ይልቅ በእነሱ ዘንድ ይበልጣል። ችግሩ የሚጠጡት አብዝተው መጠጣታቸው ነው። ለዚህ ደግሞ ምክንያት አለው።

በሰሜናዊው ግዛት አቦርጂኖች መጠጥ እንዳይጠጡ የሚከለክለው ሕግ የተነሳው በ1964 ነው። በ1968 መጨረሻ ደግሞ ለከብት እርባታ ሠራተኞች እኩል ደመወዝ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙ የእርባታ ባለቤቶች ግን ከመክፈል ማባረርን መረጡ። ቤተሰቦች ሥራቸውንና የአባቶቻቸውን መሬት በአንድ ጊዜ አጥተው እንደ አሊስ ስፕሪንግስ ባሉ ከተሞች ዳርቻ ሰፈሩ። ቤት የለም፣ ሥራ የለም፣ መጠጥ ቤቱ ግን ቅርብ ነው። ዛሬም ከአውስትራሊያ ቤት አልባዎች ከአምስቱ አንዱ አቦርጂን ነው፤ ከሕዝቡ ያላቸው ድርሻ ግን አራት በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሕዝቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን ሰፈር የራሱን ክሊኒክ ከፈተ። ዛሬ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራቸው እንዲህ ያሉ የጤና ተቋማት ከመቶ በላይ ናቸው።

መንግሥት ግን ዘገየ። የ99 አቦርጂኖችን የእስር ቤት ሞት የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1991 ስካር ወንጀል መሆኑ እንዲቀር መክሮ ነበር። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሕጉን የሻረው በኖቬምበር 2023፣ ከ32 ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም የታንያ ዴይ ልጆች ዓመታት ታግለው። በ2020 የሞት መርማሪዋ ዳኛም ወይዘሮዋ ባይታሰሩ ኖሮ ሞታቸውን መከላከል ይቻል እንደነበር ወስነዋል።

በቤቱ ሶፋ ላይ ሰክሮ የሚተኛ ሰው በዚያ ሕግ ተይዞ አያውቅም። የሚያዘው ቤት የሌለው፣ ወይም እንደ ታንያ ዴይ መንገድ ላይ የተገኘው ነበር። ሱስ በሽታ ነው ከተባለ፣ ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ፖሊስ ሊሆን አይገባም።