አዋጣ ስባል

ጅግጅጋ ስላደግሁ ሐርተሼክ የሚለውን ስም መጽሐፍ ላይ ከማየቴ በፊት ከሰው አፍ ነው የሰማሁት። በ1988 እ.ኤ.አ. የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ፣ ድንበር ተሻግሮ የሸሸው ሕዝብ የሰፈረው እዚያ ነው።

ባሬን ይወጋ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ የታወጀው ደግሞ በ1981 ለንደን ላይ ነበር። ውጭ ያለው ሶማሌ የጦርነቱ ተመልካች ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ለትግሉ ገንዘብ ይልክ ነበር።

በ1991 ባሬ ወደቀ፤ ሰላም ግን አልወረደም። በ1992 ድል አድራጊዎቹ ቡርዖና በርበራ ላይ እርስ በርስ ተታኮሱ።

በ1993 ሽማግሌዎች ቦረማ ላይ ተቀመጡ፤ ለወራት። ማን ያብላቸው? የከተማው ሰው እንግዶቹን ተቀበለ፣ ነጋዴው አዋጣ፣ ውጭ ያለውም ላከ። ያው ትናንት ለጦርነት የተዘረጋ እጅ ማለት ነው። ድምፅ የሚሰጡት ግን 150ዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ። በግንቦት መሐመድ ኢብራሂም ኢጋልን ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡ፤ ከዚያ በኋላ ታጣቂው ቀስ በቀስ ትጥቁን ያስረክብ ጀመር። በ1994 ሐርጌሳ ላይ እንደገና ጦርነት ተነሥቷል፤ ቦረማ ሁሉን አልጨረሰም። መሠረቱ ግን ቆሞ ቀረ።

እኔ አሁን ሚኒያፖሊስ ነኝ። ከሩቅ ሆኖ መቆጣት ቀላል ነው፤ ጥይቱ የሚያርፈው ሌላ ሰው ቤት ነዋ! ስለዚህ ለአገር ቤት ጉዳይ «አዋጣ» ስባል አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ነገ ከአንድ ጉድጓድ የሚቀዱት ሰዎች ተነጋግረውበታል ወይ?