የዋግ ሹም ወንበር፤ በጋይንቱ ጦርነትና በቃል ኪዳኑ መካከል

በሐምሌ ወር 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ፣ አሳም በተባለው ስፍራ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በባለቤታቸው በድንቅነሽ ምርጫ ወንድም በደጃዝማች ካሳ ምርጫ ጦር ድል ተነሥተው ተማረኩ፤ ካሳም ከመንፈቅ በኋላ በአክሱም ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ይህ ውጊያ ሲነሣ የዮሐንስ ድል በሰፊው ይተረካል እንጂ፣ ተሸናፊው ንጉሥ ዘውድ ከመድፋታቸው በፊት ዋግ ሹም ጎበዜ ተብለው የሰቆጣን ምድር ያስተዳድሩ እንደ ነበር፣ ሹመቱም ከዛጔ መንግሥት መውደቅ ጀምሮ በአንድ ቤት ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ነው መባሉ በአንድ ሐረግ ታልፎ ይቀራል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ይኩኖ አምላክ ወደ ነገሠበት ወደ 1262 ዓ.ም. መመለስ ያሻል። ይምርሐነ ክርስቶስንና ላሊበላን ያህል ቅዱሳን ነገሥታት ያፈራው፣ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ መቅደስን ለትውልድ ያወረሰው ዛጔ የተባለው የአገው ሥርወ መንግሥት በዚያ ዘመን ማብቃቱን የሚክድ የለም፤ ሊቃውንቱ የተለያዩት አበቃቀሉ ላይ ነው።

በካህናቱም በሕዝቡም ዘንድ ጸንቶ የኖረው ትረካ፣ የዛጔው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ በጻድቁ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት፣ ደም ሳይፈስስ፣ ዙፋኑን ለሰሎሞን ዘር ለይኩኖ አምላክ በፈቃዱ እንደ መለሰ ይናገራል። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህንኑ ሰምቶ ውሉን በአራት አንቀጽ ጽፎታል፤ ለወረደው ንጉሥና ለዘሩ በላስታ ርስት እንዲሰጥ፣ የንጉሥ ምልክት የሆነው ነጋሪትና ክብር እንዳይነፈጋቸው፣ የመንግሥቱ ሲሶ ለጳጳሱ እንዲሆን፣ የአገር ተወላጅም ከቶ ጳጳስ ሆኖ እንዳይሾም። ዋግ ሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ፣ ነጋሪት የማስጎሰም መብት ነበረው የሚባለውም ከዚሁ ቃል ኪዳን እየተቀዳ ነው።

ሁለተኛው ትረካ ግን ደም ያለበት ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት በጻፉት ታላቅ መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ይኩኖ አምላክ ሸዋ ላይ ኃይሉን ካጠናከረ በኋላ በዛጔ ላይ ተነሣ፤ የመጨረሻውም ንጉሥ፣ ይትባረክ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው፣ እየተዋጋ ወደ ጋይንት ሸሽቶ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ። ድል አድራጊውን ወገን የሚያወድሱት ጸሐፍት የሟቹን ስም ሰውረው ዘኢልመክኑን ብለው ብቻ ጠርተውታል፤ በሰላም ዙፋኑን ያስረከበ ሰው ስሙ እንዲህ የሚሰወርበት ምክንያት አይታይም።

ውሉን በአንክሮ ለመረመረውም ዘመኑ ራሱን ያጋልጣል። የአገር ተወላጅ ጳጳስ እንዳይሾም የሚከለክለው ሥርዓት ከይኩኖ አምላክ እጅግ ቀድሞ በእስክንድርያ መንበር የጸና ነበርና፣ በ1262 እንደ አዲስ ድርድር መቅረቡ ምን ያስፈልግ ነበር? አማላጁንም በተመለከተ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ክብሩን ለአባታቸው ለአባ ኢየሱስ ሞዓ ሲሰጡ፣ የደብረ ሊባኖስ ወገኖች ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣሉ፤ የኋለኛውም ትረካ ጎልቶ የወጣው ደብሩ በቤተ መንግሥት ዘንድ ከገነነ በኋላ ነው። ስለዚህ ለጋይንቱ ጦርነት የሚመሰክረው ወገን ሚዛን ይደፋል፤ ቃል ኪዳኑም ከድሉ በኋላ፣ ምናልባትም ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በተግባር የኖረውን ነገር ሕግ ለማልበስ የተደረሰ ይመስላል።

ይህን ማለት ዋግን ከክብሩ ማውረድ አይደለም፤ እንዲያውም ያከብረዋል። በውል የተሰጠ ርስት ሰጪው በፈቀደ ጊዜ የሚነጠቅ ነው፤ ተሸንፎም ሳይነቀል የቀረ ቤት ግን ኃይሉ የራሱ ሕዝብ ነው። ከተከዜ ወዲህ ባለው ገደላማ ደጋ የኽምራ አገው በቋንቋውና በርስቱ ጸንቶ ስለ ኖረ፣ ነገሥታቱ ከአካባቢው ተወላጅ በቀር ሌላ ሾመው መግዛት አልሆነላቸውም።

በይኩኖ አምላክና በጎበዜ መካከል ያሉት ምዕት ዓመታት ታሪካቸው የተጻፈው ከንጉሡ ድንኳን ሆኖ ነው። አጎራባቹ ላስታ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት ለተዋሕዶ ሃይማኖት መነሣቱ፣ ንጉሡም በ1624 ዓ.ም. የአባቶችን ሃይማኖት ለመመለስ መገደዱ የታወቀ ነው፤ የዋግ ቤት ግን በደማቁ የሚታየው በ19ኛው ምዕት ዓመት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን በሞት ቀጡ፤ ልጃቸው ጎበዜም ሸፍተው፣ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ በ1860 ዓ.ም. ነገሡ። አቡነ ሰላማ በዚያው ዓመት በመቅደላ ዐርፈው ነበርና ንጉሡን የሚቀባ ጳጳስ አልተገኘም፤ ካሳ ግን አቡነ አትናቴዎስን ከግብፅ አስመጡ፣ ከእንግሊዞችም መድፍና ጠመንጃ አግኝተዋል። በቁጥር የሚበልጠው የጎበዜ ሠራዊት በአሳም ተፈታ፤ ንጉሡም በእስር ሳሉ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ዋግ ሹም ጓንጉል ዐድዋ ዘመቱ፤ የዋግ ሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በ1929 ክረምት በፋሺስት ላይ ተነሥተው በመስከረም 1930 ወደቁ፣ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ አሳየ። 

በአውሮፓም ሕዝቦች የራስ አስተዳደራቸውን መሠረት የሚፈልጉት በታሪክ ነው። በእስፓንያ የካታሎንያ ሰዎች በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 የሚያከብሩት፣ በ1714 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና በቡርቦኑ ንጉሥ ጦር የወደቀችበትን ቀን ነው፤ ይህንንም ተከትሎ የጥንት ሕጎቻቸው ተሻሩ፤ የራስ አስተዳደር ሕጋቸውም ከአምባገነኑ ከፍራንኮ ሞት በኋላ በ1979 እ.ኤ.አ. ታወጀ። እነርሱ ሽንፈታቸውን ሳይሸሽጉ የመብታቸው ምስክር አደረጉት፤ እኛ ግን የጋይንቱን ደም በቃል ኪዳን ሸፍነን ኖርን።

የዋግ ሹምነት ሥርዓት በ1966ቱ አብዮትና በ1967ቱ የመሬት አዋጅ አከተመ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የአማራ ክልል ካቋቋማቸው የብሔረሰብ አስተዳደሮች አንዱ የዋግ ኽምራ ነው፤ መቀመጫው ሰቆጣ ሲሆን የራሱ ምክር ቤት አለው፣ ሕፃናቱም በቋንቋቸው በኽምጣንጋ ፊደል ይቆጥራሉ። በጦርነትና በድርቅ ለተጎዳው ለዚህ ሕዝብ ምክር ቤቱ ከበጀትና ከእርዳታ ጉዳይ ጋር አንድ ተጨማሪ ሥራ እንዲይዝ ይገባል፤ ከሰቆጣ አጠገብ ያለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን፣ በየገዳማቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍትና በየቤቱ የቀሩትን የዋግ ሹሞች ደብዳቤዎች ያስመዝግብ። ደብዳቤ ወይም የዘር ሐረግ በእጁ ያለ አንባቢም ግልባጩን ለቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲያደርስ አደራ እላለሁ።