ስለ ብረት ቧንቧ ሠሪው ስለ ጄምስ ረስልና ስለ ዋይትሃውስ ፓተንት

ለንደን የጋዝ መብራት ኩባንያ ያቋቋመችው በ1812 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይኸውም ጋዝ ወደየቤቱ የሚገባበት ቀጭን ቧንቧ፥ የሚያስቅ ቢመስልም፥ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የጠመንጃ አፈሙዝ እየተቀጣጠለ ይሠራ ነበር። የናፖሌዎን ጦርነት ካበቃ በኋላ አፈሙዝ ተርፎ ነበርና።

አዲስ ቧንቧ የሚሠራ አንጥረኛ ጠፍጣፋውን ብረት አጥፎ፥ ዘንግ በውስጡ ከትቶ፥ ጥቂት ጥቂቱን እያጋለ በመዶሻ ያጣብቀዋል። ሥራው አዝጋሚ፥ ቧንቧውም አጭር ነው። በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሻየር፥ በዌንዝብሪ ከተማ የነበረው ሠራተኛ ኮርኔሊየስ ዋይትሃውስ በ1825 ፓተንት ያወጣበት ብልሃት ግን ዘንጉን አስቀረው። ጠርዞቹ ሊገናኙ ጥቂት የቀራቸውን እጥፍ ብረት በምድጃ ውስጥ ነጭ እስኪኾን ያግለዋል፤ ከዚያም በሰንሰለት እየሳበ በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ቀዳዳው ሲጨምቀው ሁለቱ ጠርዞች ይጣበቃሉ። በዚህ ዓይነት ረጅም ቧንቧ በጥቂት ጊዜ ይወጣል።

መብቱ የተላለፈው ለዚያው ከተማ ቧንቧ ሠሪ ለጄምስ ረስል ነው። ረስል በዚህ ፓተንት ፋብሪካውን አስፋፋ፤ ሌሎችም ሲሠሩበት ከሰሰ። በ1830ዎቹ ከካውሊ ጋር በተካሰሰ ጊዜ ትልቁ ክርክር፥ አንድን መሣሪያ መተው እንዴት ፈጠራ ይባላል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ለረስል ፈረደ። በእኔ አስተያየት ፍርዱ ትክክል ነው፤ አንጥረኞች ሁሉ ያለ እርሱ አይኾንም ብለው የያዙትን ዘንግ ማስቀረት ቀላል ነገር አይደለምና።

የፓተንቱ ዘመን 14 ዓመት ስለ ነበረ በ1839 ያልቃል። በ1835 የወጣው ሕግ ግን ዘመኑ እንዲራዘም ማመልከትን ፈቅዶ ነበርና ረስል ለንጉሣዊው አማካሪ ጉባኤ (ለፕሪቪ ካውንስል) አመለከተ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ተነሣ። ማራዘሚያ የሚሰጠው ፈጣሪው የድካሙን ዋጋ እንዲያገኝ ነው፤ አመልካቹ ግን ፈጣሪው አይደለም። ታዲያ የሚጨመረው ዓመት የማን ነው?

ጉባኤው 6 ዓመት ጨመረ፤ ኾኖም ረስል ለዋይትሃውስ በየዓመቱ 500 ፓውንድ እንዲከፍል ግዴታ አደረገ። ረስልን በዚህ መንቀፍ አይገባም፤ ገንዘብ አውጥቶ ፋብሪካውን ያቆመ፥ በየችሎቱም የተከራከረ እርሱ ነው። ነገር ግን የሠራተኛውን ድርሻ በሕግ ያጸናው የጉባኤው ውሳኔ ነበር። ማራዘሚያው እስከ 1845 ቆየ።