የተቀበረ ክራንቻ

ክራንቻ በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል የሚበቅለው ሾጣጣ ጥርስ ነው። ሥሩ ከጥርሶች ሁሉ ይረዝማል። የላይኛው ቋሚ ክራንቻ ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ይወጣል። ጎረቤቶቹ ቦታ ከያዙ በኋላ፣ ያውም ከሩቅ ስለሚመጣ፣ አንዳንዴ መንገድ ስቶ አጥንት ውስጥ ይቀራል፤ «የተቀበረ» የሚባለው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላንቃ ያዘነብላል። መንጋጋ ሲጠብ ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ በቂ ቦታ ባለው መንጋጋም ግን ያጋጥማል። ዝም ከተባለ ያለ ምንም ሕመም የጎረቤቱን ጥርስ ሥር ሊበላው ይችላል።

በአገራችን ሌላም ምክንያት አለ። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ድዱ ይበጣና ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ይነቀላል። ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ሕክምና አይደለም፤ በሕፃን ላይ የሚፈጸም ጉዳት ነው።

ወላጆች፣ ልጃችሁ 10 ዓመት ሲሞላው ከንፈሩን ገልጣችሁ ከወተት ክራንቻዎቹ በላይ ያለውን ድድ ዳስሱ። በአንደኛው ወይም በሁለቱም በኩል ጉብታ ካልተሰማችሁ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። በዚያ ዕድሜ ሐኪሙ የወተቱን ክራንቻ ማውጣቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ቋሚውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል።