«አበበ»፦ የአንድ የተጸውዖ ስም አመጣጥና ዕጣ

በአማርኛ የተጸውዖ ስሞች መካከል ከግሥ የተገኙት በቍጥር ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በተማሪ ደብተርና በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጅግ አዘውትሮ ሲጻፍ የኖረው «አበበ» ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ቃሉ በኃላፊ ጊዜ የተነገረ ግሥ ሲሆን ፍችው አበባ አወጣ፣ ፈካ ማለት ነው። ለሴት ሲሆን አበበች ይባላል። አበባ፣ አበባው፣ አበባየሁ የሚባሉት ስሞች ከዚሁ ሥር የወጡ ሲሆኑ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ለአዲሱ ሠፈር ያወጡለት ስም፣ አዲስ አበባ፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ስሙ ሲጠራ «በ» ይጠብቃል፤ ፊደላችን ግን መጥበቅንና መላላትን ስለማይለይ ንባቡ ለአንባቢው የተተወ ነው።

በዚህ ዓይነት ስም ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገና በአራስ ቤት ያለ ሕፃን አላበበም፤ ወላጆቹ ግን እንዳበበ አድርገው በኃላፊ ጊዜ ይናገሩለታል። ከበደ፣ ደረጀ፣ ተሾመ፣ ታደሰ የሚባሉትም በዚሁ አኳኋን የተሠሩ ናቸው፤ ምኞቱ እንደ ተፈጸመ ነገር ይነገራል። ወደ ኋላ የሚመለከቱ ስሞችም አሉ። ካሣና ምትኩ የሚባል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ ልጅ በኋላ የተወለደ ነው። በቀለ በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስላል፤ ቡቃያ ከመሬት መውጣቱን ይገልጻል፣ ሆኖም በስሙ ውስጥ በቀልን የሚሰማ ጆሮ አይጠፋም። አበበ እንዲህ ያለ ጥላ የለበትም፤ ለስሙ መወደድ አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ እያለ ከአምላክ ወይም ከቅዱሳን ስም ጋር የሚናበብ ነው። አበበ ግን የዓለም ስም ነው፤ የሚወጣው በቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን አበባን የምትጠራው ጽጌ በሚለው የግእዝ ቃል ሲሆን፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወቅትም ወርኀ ጽጌ ይባላል። ማኅሌተ ጽጌን እንደ ደረሱ የሚነገርላቸው አባ ጽጌ ድንግል ስማቸው ከዚሁ ቃል ነው። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት የፒያኖ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በልጅነታቸው የውብዳር ይባሉ ነበር። እንግዲህ አንድ አበባ በሁለት ቋንቋ፣ አንዱ ለመቅደስ፣ ሌላው ለማጀት ተደልድሎ ኖሯል።

ስሙ በአገር ደረጃ የተሰማው በሁለት ሰዎች ነው። የመጀመሪያው በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በሸዋ አርበኞችን የመሩት የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው። ከነጻነት በኋላ በልዩ ልዩ ከፍተኛ ሹመት አገልግለው ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በታገቱበት ተገደሉ። ሁለተኛው በዚሁ ወቅት የክብር ዘበኛ ባልደረባ የነበረውና ከሦስት ወር በፊት በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ነው።

አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የፈጸመበት ቀን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ልጃገረዶች ለአበባየሆሽ በተዘጋጁበት፣ አደይ በየሜዳው በፈነዳበት ማታ «አበበ» የሚባል ሰው ማሸነፉ ተሰማ። አጋጣሚ ነው፤ ይሁን እንጂ ስም አውጪ ወላጅ አጋጣሚን ንቆ አያልፍም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ድሉ ሲደገም ስሙ በዓለም የታወቀ ሆነ። የውጭ አገር ጋዜጦች ግን የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ ጀግናውን የሚጠሩት «ቢቂላ» እያሉ ነበር፤ ስለዚህ በሮምም በቶኪዮም ያሸነፉት፣ በጋዜጣው አቈጣጠር፣ አባቱ ናቸው። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አርፎ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ባለው በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል።

የአባቱ ስም ግን ቸል ሊባል አይገባውም። ቢቂላ የኦሮምኛ ስም ሲሆን ትርጉሙ መብቀልን ይመለከታል፤ የአማርኛው በቀለ አቻ ነው። የልጁና የአባቱ ስም ተያይዞ ሲነበብ ከቡቃያ እስከ አበባ ያለውን የአንድ ተክል ዕድሜ በሁለት ቋንቋ ይተርካል። አበበ ራሱም በኦሮምኛ አቻ አለው፤ ማበብን የሚገልጸው ግሥ ለወንድ ደራራን፣ ለሴት ደራርቱን አስገኝቷል። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪቃውያት ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነችው ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር፤ አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ከተወለደ ልክ በ60ኛው ዓመት። በስም ፍች ረገድ ደራርቱ ማለት አበበች ማለት ነው።

ይህን ለተማሪ ለማሳየት እንደ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ያለ የተመቸ ሥፍራ ጥቂት ነው። የክፍለ ከተማው ስም የመጀመሪያ ክፍል ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚነገረውን ስልክ ያስታውሳል። ሁለተኛው፣ ላፍቶ፣ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ነው፤ የጎረቤቱ የመካኒሳ ስምም ብሳናን ያመለክታል። ሰውም ቦታውም በዕፀዋት ስም የተጠራበት አገር ነው። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ የተዛወሩና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ቤተሰቦች ከቀድሞው የአካባቢው ነዋሪ ጋር ስለሚኖሩ፣ በአንድ የክፍል መዝገብ ላይ በቀለና ቢቂላ፣ አበበና ደራራ ጎን ለጎን ቢገኙ አያስደንቅም።

የትምህርት መጻሕፍት ይህን ዝምድና ለረጅም ጊዜ አላዩትም። አበበ የማንበቢያ መልመጃ ጀግና የሆነው በፊደሉ ቅለት ነው፤ ሦስቱም ፊደላቱ ግእዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ረድፍ፣ በመሆናቸው ገና ካዕብና ሣልስ ያልደረሰ ሕፃን ሊያነበው ይችላል። ከበደም እንዲሁ ነው። ታደሰን ለማንበብ ግን ራብዕ መማር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ምርጫው የሚመሰገን ነው። የማይመሰገነው፣ በሶ በሚበላው አበበ ጎን የቆመው ጫላ የ«ጨ»ን ዘር ለማስጠናት ሲባል ጩቤ እንዲይዝ መደረጉ ነው። ጫላ በኦሮምኛ የሚበልጥ፣ የላቀ ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ወላጆች ያሰቡት ከጩቤ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ከልጅነት ጀምሮ በአፍ የተያዘ አረፍተ ነገር በቀላሉ አይጠፋምና፣ ለፊደል ማስጠኛ የሚመረጥ ስም ከሥነ ድምፅ ሌላ መመዘኛም ያሻዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ድረስ ማስተማሩ፣ በኋላም የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ማድረጉ ደራራም በመጽሐፍ ገጽ ላይ እንዲታይ መንገድ ከፍተዋል።

ያን ጊዜ ግን አበበ ከመዝገቡ የመጀመሪያ ዓምድ እየለቀቀ ነበር። በአብዮቱ ዘመን አብዮት፣ ትግልና ድል የሚባሉ ልጆች ተወለዱ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ናታን፣ ቤተልሔም፣ ኤልሻዳይ የመሳሰሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችና በየቋንቋው የታደሱ ስሞች፣ ለምሳሌ ናኦልና ቢፍቱ፣ እየበዙ ሄዱ። ለክርስትና ብቻ ተጠብቆ የኖረው ቅዱስ ስም ወደ ዓለም ስምነት ወጣ፤ ከግሥ የተሠራው ስም በበኩሉ የአያት ስም ሆነ። ተማሪ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ስለሚያስመዘግብ ይህ ጉዞ በማንኛውም የክፍል ዝርዝር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሊነበብ ይችላል፤ መምህሩ ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልገው ለአንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ የሚበቃ ማስረጃ በእጁ አለ። አበበ በሮም በሮጠበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የአባትና የአያት ስም ማስከተሉን አልተወም።

ድንጋጌው ሥራ ላይ የዋለው በማይጠበቅበት ሥፍራ፣ በስደት አገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚያስመዘግቡ፣ በኢትዮጵያ መዝገብ በአራተኛው ትውልድ ከዝርዝሩ የሚወጣው አበበ በዚያ ሳይለወጥ ይወረሳል። በዚህም ምክንያት በዋሽንግተን የተወለደች ሴት ልጅ በወንድ መደብ በተነገረ ግሥ፣ አበበች ሳይሆን አበበ ተብላ፣ በመምህሯ ትጠራለች።